ሰማይ በአብላጫ ድምፅ

ታላቅ ሰው በሕይወት ሳለ መመስገን አለበት፤ ከሞተ በኋላማ ማንም ያመሰግነዋል። ስለዚህ ባለቤቴ በሞተር ሳይክል ጉዞና በአየር ጠባይ ጥናት መስክ ለቤታችን ያበረከቱትን ከፍተኛ አስተዋጽኦ፣ እርሳቸው በሙሉ ጤንነት ላይ እያሉ በጽሑፍ ላኖረው ተነሥቻለሁ። ሙሉ ስል ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፋሻ ሳልቆጥር ነው። ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምላቸው። እዚህ ግን ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ አንቱ ብያቸዋለሁ።

ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናቸው። የክፍሉ ሥራ ምን እንደሆነ ከተጋባን ጀምሮ ለመረዳት እየጣርኩ ነው፤ እስካሁን የገባኝ ብዙ ስብሰባ እንዳለው ነው። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ኬክ እጋግራለሁ። ኬኩን ለደንበኛ ማድረስ አስቸጋሪ ሆኖብኝ ሳማርር የሰሙት ባለቤቴ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ሞተር ሳይክል እየገፉ ገቡ። እየነዱ ያልገቡት ቤንዚን ስላለቀባቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው የትራንስፖርት ችግራችን ከዛሬ ጀምሮ በዘላቂነት መቀረፉን ካስታወቁ በኋላ ላባቸውን ጠረጉና ውሃ ጠየቁ።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ገና ከግቢያችን በር ሳይርቁ ነው። ትንሽ ካፊያ ነበር። ሞተሩ ተንሸራተተና ባለቤቴ ወደ ግራ፣ የልደት ኬኩ ወደ ቀኝ ሄዱ። ኬኩ የታዘዘው ለአንድ የታክሲ ሹፌር ልጅ ነበር፤ ልጅቷ ሻማዋን ዳቦ ላይ ሰክታ እፍ አለች። ማታውኑ ባለቤቴ ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰቅለው የምርመራውን ውጤት አሰሙን፤ የአደጋው መንስኤ የአየር ጠባይ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ የኋላ ጎማው እንደ እንቁላል ልሙጥ መሆኑን አይቼ ስለነበር ይህንኑ ተናገርኩ።

«ጎማው እንደ አስተያየት ይያዝልሽ» አሉኝ።

ጎማው እንደ አስተያየት ተይዞ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ባለቤቴ ሰማይን ሳያጠኑ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ወደ ታች ሲያዩም አላየኋቸውም።

ጥናቱ ፍሬ አላፈራም ማለት ንፉግነት ነው። ከዚያ በኋላ የደረሱት አደጋዎች በሙሉ የደረሱት በደረቅ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ጠራራ ፀሐይ ላይ የለበሱት የዝናብ ልብስ ጫፍ የሞተሩ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ አደባባይ መሃል ከሞተሩ ጋር አሰራቸው፤ ትራፊክ ፖሊሱ ከፀጉር አስተካካይ ቤት መቀስ ተውሶ ነው የፈታቸው። ሌላ ጊዜ መብራት ይዟቸው ቆመው ደመና ለመመርመር አንጋጠጡ፤ እሳቸው ወደ ላይ ሲያዩ ሞተሩ ቀስ ብሎ ጋደል አለና ከነክብሩ እግራቸው ላይ ተኛ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሄልሜታቸውን አጥብቀው፣ ለእናታቸው እጅ ነስተው፣ ጎማው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳይፈቱ ነዱ። የሁሉም መንስኤ ያው የአየር ጠባይ ነው። በፀሐይ ቀን እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው «ፀሐይስ የአየር ጠባይ አይደለችም?» አሉኝ።

አሁን ስለ ጥናቱ አሠራር ላስረዳ። ባለቤቴ ውሳኔ የሚሰጡት፣ በእርሳቸው አነጋገር፣ ፍጹም ነጻ የሆኑ ምንጮችን አመሳክረው ነው። አንደኛው ስልካቸው ነው። ሁለተኛው የአማቴ ጉልበት ነው፤ አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ጉልበታቸው ከቆረጠማቸው ዝናብ አለ ይባላል። የመጨረሻው የጎረቤታችን የልብስ ገመድ ነው። ጎረቤታችን ነርስ ናት፣ አዋቂ ሴት፤ ልብስ ካሰጣች አይዘንብም፣ ካላሰጣች ይዘንባል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ስልኩን አይተው፣ እናታቸውን ጠይቀው፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይመለሱና ውሳኔውን ለቤቱ ያሰማሉ።

አንድ ቀን ነርሷ አንሶላ ስታሰጣ አገኘኋትና እንደማይዘንብ በምን አወቅሽ አልኳት። ሳቀች።

«ጋሼን አይቼ ነዋ። ጋሼ የዝናብ ልብሳቸውን ሳይለብሱ ከወጡ አሰጣለሁ፤ ከለበሱ እተወዋለሁ። እንደሳቸው የሚያጠና ሰው ከየት ይመጣል?»

ወደ ቤት ገብቼ አማቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ጉልበታቸው መቼ መቼ እንደሚቆረጥማቸው ጠየቅኳቸው። «ያ ላስቲክ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ ነው ልጄ» አሉኝ። «ገና ድምፁን ስሰማ ይጀምረኛል።»

እንግዲህ ባለቤቴ የሚያማክሩት ነርሷን ነው፤ ነርሷ የምታማክረው ባለቤቴን ነው፤ የአማቴ ጉልበትም የሚያዳምጠው ባለቤቴን ነው። ይህን ግኝት በታላቅ ደስታ አቀረብኩላቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አሰቡና፣ ይህ የሚያሳየው በባለድርሻ አካላት መካከል የተፈጠረውን ጠንካራ ቅንጅት ነው አሉ።

ይህ ሁሉ ለእኔ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የሠርጉ ኬክ ባይመጣ። ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ የሠርግ አዳራሽ አለ፤ በየቅዳሜው ሠርግ አያጣም። ኬክ ሠሪያቸው ሥራ ለቀቀችና ሥራ አስኪያጁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለቅዳሜው ሠርግ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ አዘዘኝ። ይህ ኬክ ሳይነካ ከደረሰ የአዳራሹ ኬክ በሙሉ የእኔ ይሆናል፤ ከተነካ ሁለተኛ ዕድል የለም አለ። ከእኛ ቤት ወጥቶ ሳይነካ የደረሰ ነገር እንደሌለ አልነገርኩትም። እኔ ያኔ የምጋግረው በሩ በገመድ በሚታሰር ምድጃ ነበር፤ ገመዱ ሲላላ ወንበር አስደግፍበታለሁ። ያን ምድጃ የምገላገልበት ቀን መጣ ብዬ ለቀናት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኬኩ በታክሲ ይሂድ አልኳቸው። ባለቤቴ እንዲህ ሲከፉ አይቼ አላውቅም። ግቢ ውስጥ ሞተር ቆሞ ኬክ በታክሲ መሄዱ ቤቱን የሰው መሳቂያ እንደሚያደርገው፣ ይህ ጉዳይ ደግሞ የትራንስፖርት ሳይሆን የእምነት ጉዳይ መሆኑን ረጅም ንግግር አደረጉ። እናታቸው አጨበጨቡላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ በኩል ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ባለቤቴ ወደዚያ አላዩም፤ ምንጮቻቸውን እያመሳከሩ ነበር። ስልካቸው የዝናቡን ዕድል አርባ በመቶ ብሎታል።

«ስድሳ በመቶው አይዘንብም ብሏል» አሉኝ። «አብላጫ ድምፅ ነው።»

የአማቴ ጉልበት ዝም ብሏል፤ የዝናብ ልብሱ ከተሰቀለበት አልወረደምና። ነርሷ ባለቤቴ በሸሚዝ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ስላየቻቸው አንሶሎቿን አንድ ሳታስቀር አስጥታለች። ሰማዩ በሙሉ ድምፅ ደረቅ ተባለ። ለማንኛውም የዝናብ ልብስህን ያዘው ብላቸው፣ ውሳኔ ካለፈ በኋላ የዝናብ ልብስ መያዝ በውሳኔው ላይ ጥርጣሬ መፍጠር ነው አሉኝ።

ያኔ ያደረግኩትን አደረግኩ። ቤንዚን መኖሩን እንዲያዩ ለመንኳቸው፤ አልነበረም፤ ሊቀዱ ሄዱ። የታክሲ ሹፌሩ ጋ ደወልኩ፤ ያ ልጁ ሻማ ዳቦ ላይ የሰካችው። ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ መኪናውን ቤታችን በር ላይ አቁሞ ኬኩን ኋላ ወንበር ላይ እንደ አራስ በጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ ትልቁን ካርቶን አውጥቼ የባለቤቴን የዝናብ ልብስ አጣጥፌ ከተትኩ፤ እንዲከብድ ሁለት የኬክ መጋገሪያ ብረት ጨመርኩና በሪባን አሰርኩት። ሲመለሱ ማስጌጫውንና ቢላዋውን ይዤ በታክሲ ልቅደም አልኳቸው። ፈቀዱልኝ።

ጨካኝ ሴት አይደለሁም። ካርቶኑን ሞተሩ ላይ ሲያስሩ አጠገባቸው ቆሜ በግልጽ ነገርኳቸው።

«ዝናብ ከመጣ ቁምና ካርቶኑን ክፈተው።»

«አይመጣም።»

«ከመጣስ?»

«ውሳኔ ተሰጥቷል» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን እያዩኝ።

ከሹፌሩ ጋር ኬኩን በአዳራሹ ማድ ቤት በር አስገብተን ዕቃ ክፍል ውስጥ ደርቡን በደርቡ ላይ እንደጫንኩ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሙዚቀኞቹ ድምፅ ጠፋ። እየሳቅኩ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን የዝናብ ልብሱን አውጥቶ ለብሶ፣ ተናድዶ ይመጣል ብዬ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆሜ የምመልሰውን እያዘጋጀሁ ነበር። በሩ ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርብኝ። ባሌ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ካርቶኑን ጠቅልሎበታል፤ እሱ በሸሚዝ ነው፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጥፏል። የሱሪው ጉልበት ተቀዶ ደምና ጭቃ ይወርዳል። ዝናቡ ሲጀምር ካርቶኑን ከሞተሩ ፈትቶ በአንድ እጁ ታቅፎ ነድቷል፤ አስፋልቱ ላይ ሲንሸራተት ካርቶኑን ላለመልቀቅ በጉልበቱ ነው የወደቀው። ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«አልተነካም» አለኝና ካርቶኑን ዘረጋልኝ።

«ክፈተው አላልኩህም?»

«ምን ነካሽ? ኬክ በዝናብ ይከፈታል?»

አንጀቴን በላው። ካርቶኑን ተቀብዬ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘግቼ እንባዬ እስኪደርቅ ቆየሁ። ልነግረው ወሰንኩ። ይሳቅብኝ፣ ይቆጣኝ፣ ብቻ ልንገረውና ይህ ነገር ይብቃ ብዬ በሩን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቆሟል። ሰውየው በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ኬኩን አየ፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ዞሮ ባሌን አየ፤ ውሃ እየተንጠባጠበ። መሐረቡን አውጥቶ ለባሌ ሰጠው።

ከዚያ የአዳራሹ ኬክ በሙሉ የእኔ መሆኑን አበሰረን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ አለ፤ ኬኩን የሚያመጡት እኚህ ሰው ብቻ ይሆናሉ፣ በዚሁ ሞተር።

«ኬክ ጋጋሪማ ሞልቷል» አለኝ። «እንዲህ ያለ አድራሽ ግን አላየሁም።»

ባሌ ቀና አለ፤ ስለዚህ ወደ አንቱታችን እንመለስ። ባለቤቴ በበኩላቸው ለተጣለባቸው ኃላፊነት ዝግጁ መሆናቸውን ገለጹ። አያይዘውም ሚስታቸው ዝናብ ከመጣ ካርቶኑን ክፈተው ብላቸው እንደነበር፣ እርሳቸው ግን በአቋማቸው በመጽናት ኬኩን ከጥፋት እንዳዳኑ አብራሩ። ሥራ አስኪያጁ በወቀሳ አየኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ።

ዛሬ አዲስ ምድጃ አለኝ፤ በሩ በራሱ ይዘጋል። በየቅዳሜው የዝናብ ልብሱ በሞተር ወደ ሠርግ ይሄዳል፤ ኬኩ ደግሞ በታክሲ ተከትሎ ይቀድመዋል። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤታቸው ስለ አየር ጠባይና ስለ ኃላፊነት የተሞክሮ ንግግር አድርገው ተጨበጨበላቸው። ጎማው እንደ አስተያየት እንደተያዘ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እሳቸው ካርቶናቸውን አስረው ከወጡ በኋላ ሹፌሩ ደወለልኝ። ዋናው መንገድ ተጨናንቋል፣ በአቋራጩ እንሂድ ወይ፣ ግን ዝናብ ከመጣ ጭቃ ነው፣ ምን ይመስልሻል አለኝ። ቆይ ልይ አልኩትና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የነርሷ አንሶሎች ተሰጥተዋል።

«አይዘንብም» አልኩት። «በአቋራጩ እንሂድ።»

የአቋራጩ መሃል ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የታክሲው ጎማ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ሹፌሩ መሪውን ይዞ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጫማዬ ሲወጣ ቀና ብል፣ ከላይ በዋናው መንገድ ላይ ባለቤቴ በሸሚዝ ሞተራቸው ላይ እያዘገሙ ያልፋሉ። ካርቶኑን በጃኬታቸው ጠቅልለው በአንድ እጃቸው ታቅፈውታል። ወደ ሰማይ ስለሚያዩ አላዩኝም። ሠፈር ውስጥ ደግሞ የነርሷ አንሶሎች ገመዳቸው ላይ እየበሰበሱ ይሆናል። ያን ቀን ከሁላችንም ያልረጠበው የዝናብ ልብሱ ብቻ ነው።