ክዳኑን ማን ገጠመው?

የቡታጅራው የቤተ መጻሕፍት ልጅ በድሎኛል። በዱላ አይደለም፣ በስድብም አይደለም፤ የማነበውን መጽሐፍ ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከእጄ ወሰደብኝ። «እትዬ፣ ይሄ የተማሪ ነው። ደግሞ የቆጮ ሽታ ይይዝብናል» አለ፣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። ገበያ ላይ ቆጮ እሸጣለሁ፤ እጄ ይሸታል፣ አልክድም። እሱም ያደገው በዚሁ ቆጮ ነው፤ ሲናገር ግን በበርገር ያደገ ይመስላል። ከሁሉ ያንገበገበኝ፣ ገበያውን በምላሴ የማስተዳድር ሴት ያን ቀን አንድ ቃል አጥቼ መውጣቴ ነው።

ድራማ ስታዩ፣ ገዳዩ ሊታወቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄዶባችሁ ያውቃል? እንደዚያ ነው የሆንኩት።

መጽሐፉ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ስለ ጥንታዊቷ ምድር የሚያወራ ነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪ አላየሁም፤ ያስተማረኝ እጄ ላይ የወደቀ ወረቀት ሁሉ ነው፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣም ሳይቀር። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በታች፣ ብርዱና የውሃው ክብደት ተባብረው ሚቴን የሚባለውን ጋዝ በረዶ ውስጥ ቆልፈውታል ይላል። ያን በረዶ አውጥታችሁ ክብሪት ብትለኩሱበት ይነድዳል። በረዶ ይነድዳል! ከሃምሳ ስድስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ሞቀች፤ ሙቀቱም ወደ ባሕሩ ወለል ወርዶ ያን በረዶ ሳያቀልጠው አልቀረም፤ የተፈታው ጋዝ ደግሞ ምድርን ይብስ አሞቃት፤ የአዞ ዘመዶች ዛሬ በረዶ የሸፈነው የሰሜን ጫፍ አጠገብ ድረስ ሄደው ተንፈላሰሱ። «ሳያቀልጠው አልቀረም» የምለው ሊቃውንቱ ራሳቸው ስላልተስማሙ ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ እሳተ ገሞራ ነው የሚሉም አሉ።

ማን አየ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ለካ ሰዎቹ የባሕሩን ወለል በስተው፣ ጭቃውን በቱቦ ስበው፣ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ የፍጥረታት ቅርፊቶችን እየለቀሙ ነው የሚጠይቁት። እኛ በትናንቱ ስብሰባ ማን ምን እንዳለ መስማማት አቅቶን፣ እነዚህ ቅርፊት አናግረው የጥንት ባሕር ትኩሳት ይለካሉ! እንዲህ ላለ ሰው ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። እንግዲህ ልክ «ምድር እንዴት ተመልሳ በረደች?» የሚለው ርዕስ ላይ ስደርስ ነው የተነጠቅሁት።

ሌላ ቅጂ ፍለጋ በሚኒባስ ወልቂጤ ድረስ ሄድኩ። መጽሐፍ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «የፈተና ጥያቄና መልስ ነው ያለኝ፤ ለልጅዎት ነው?» አለ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ፈትያ ከላሞቿ እበት ባዮጋዝ ታወጣለች። ምድጃዋ ላይ የሚነደው ያው ሚቴን መሆኑን ስነግራት ሳቀች።

«ወላሂ! ታዲያ ባሕሩ ሁሉ የኔ ጉድጓድ ነው በይኛ!»

«ያንቺስ ከእበት የሚወጣ ነው፤ ያኛው በበረዶ የተቆለፈ ነው» አልኳት።

ፈትያ ፊደል አልቆጠረችም። ግን እሳቱን ዝቅ አድርጋ ሊቃውንቱን የሚያስቀና ጥያቄ ጠየቀች።

«እኔ ሲበቃኝ ቧንቧውን እዘጋዋለሁ። ያኔ ሰው ካልነበረ፣ ክዳኑን ማን ገጠመው?»

አላወቅሁም። ሳምንቱን ሙሉ ቆጮ ስመዝን እንኳ ክዳን ክዳን ይለኝ ነበር።

አሁን፣ መጽሐፉን አስመልሼ ከጨረስኩ በኋላ፣ አውቃለሁ። በአንድ ጊዜ የገጠመው የለም። ሚቴኑ አየር ላይ ተለውጦ ሌላ የሚያሞቅ ጋዝ ሆነ፤ ዝናብ ያንን ይዞ ወረደ፣ ድንጋይ አጠበ፤ ወንዝ እጣቢውን ወደ ባሕር ወሰደ፤ እዚያም ወለሉ ላይ ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። ማንም ሳያመሰግነው፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ። የዝናብን ትዕግሥት አደነቅሁ። ለፈትያ ስነግራት ግን «እስከዚያ እኛ ምን እንብላ?» አለችኝ። ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

መጽሐፉን እንዴት አስመለስሽ ካላችሁኝ፣ ከገበያ መልስ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቤ ሄድኩ፤ መጽሐፉን አክብሬ እንጂ ልጁን ፈርቼ አይደለም። ሲያየኝ ገና ከበሩ አፍንጫውን ያዝ አደረገ። ተማሪዎቹ ከስልካቸው ቀና አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት ቃል ያኔ መጣልኝ፦

«ልጄ፣ ኋለኛው ሽፋን ላይ ያለውን፣ መጽሐፉን የተዋሱ ሰዎች የሚመዘገቡበትን ወረቀት ገልጠህ እየው፤ አንድም ስም የለበትም። እስቲ ቆጮ ቆጮ ይሽተት፤ ቢያንስ ሰው እንደነካው ይታወቃል።»