ተልባ የጠጣችው መኪና

እኛ ሰዎች ሕመም ሲመጣ እግራችን መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ጓዳ ነው። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት፣ ለኮሶ ትል ኮሶ፣ ለሆድ ድርቀት ተልባ። ሐኪም ዘንድ መሄድ የቤትን ሙያ መናቅ ይመስለናል። እርስዎም ከዚህ ወገን ከሆኑ አይሸሽጉኝ፤ እኔ የባስኩ ነኝ። መኪናዬን ተልባ ያጠጣሁ ሰው ነኝ።

በጃንሆይ ዘመን ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ስንት እጅ ዞራ የደረሰችኝ አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ራዲያተሯ ያንጠባጥባል። ሙያውን ከጥልያን የተማረው መካኒክ ግርማ፣ “ሁለት ቀን ይተዉልኝና ልበይደው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጌታዬ” ብሎኝ ነበር። ለአንዲት ቀዳዳ የሰው ደጅ መጥናት ውርደት ሆነብኝ። ተልባ አስወቅጬ፣ በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ በራዲያተሯ አፍ ገለበጥኩት። አያምኑኝም፤ ማንጠባጠቡ ቀጥ አለ። ሳምንቱን ሙሉ በየደረስኩበት ይህንኑ ሳወራ ከረምኩ።

በሳምንቱ አንድ ማለዳ፣ አንኮበር ያሉት የእናቴ ጎረቤት ጋሽ ተክሌ በበቅሎ መጥተው በሬን አንኳኩ። ከአገር የተነሱት ማታውን ነው።

“እናትህን ትንሽ አሟታል። ይምጣልኝ ብላለች” አሉኝ።

በቅሏቸውን ግቢ አስረን በመኪናዬ ተነሳን። የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፤ በሕይወት እንድደርስባት። እኩሌታው መንገድ ላይ መኪናዋ ፈላች። አብርጄ ውሃ ጨመርኩላት፤ ጥቂት ሄዳ ደግማ ፈላች። ኋላ ግርማ ከፍቶ እንዳሳየኝ፣ ተልባው ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚያልፍበትን ሁሉ ደፍኖታል። እኔ ሆድ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ስባዝን ጋሽ ተክሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። በመጨረሻ ትተናት በእግራችን ነካነው።

አንኮበር ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ልቅሶው ከሩቅ ተሰማኝ። እናቴ ተገንዛለች።

“ያቺ መኪና ባትቆም ኖሮ እደርስባት ነበር” አልኳቸው ጋሽ ተክሌን።

“የለም ልጄ። እኔን ሲልኩኝ አርፋ ነበር። አሟታል ያልኩህ እንደ ወጉ ነው፤ መርዶ ድንገት አይነገርም።”

ወጉን አውቀዋለሁና አመንኳቸው። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ጥፋቱ ግን ከጫንቃዬ ወረደልኝ። ያቺን ቃል ተንተርሼ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

በአርባዋ ተዝካር ላይ እናቴን ያስታመመቻት እህቴ ጠላ እየቀዳች ለአንዲት እንግዳ ታወራለች።

“ጋሽ ተክሌን በላክን ማግስት እስከ ቀትር ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። የመኪና ድምፅ አልሰማችሁም ወይ እያለች...”

ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህቴ ቀና ስትል አየችኝና ዝም አለች።

ዋንጫዬን ዘረጋሁላት፤ ቀዳችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከጋሽ ተክሌ ጋር በተገናኘን ቁጥር ስለ እናቴ ብዙ እንጫወታለን። ስለዚያች ቀን ግን እሳቸውም አያነሱ፣ እኔም አልጠይቅ።