ፀሐይ የሚሠሩት ጎረቤቴ

በየሰፈሩ፣ ሊቃውንት ያቃታቸውን ሥራ እኔ ካልጨረስኩት ብሎ የሚሟገት አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ያለ ነዳጅ የሚሄድ ሞተር ሲፈለስፍ ያረጃል። ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ጡረታ የወጡ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ግን፣ በምድር ቤቱ የጋራ ዕቃ ቤት ውስጥ ፀሐይ ይሠራሉ። ስለዚህ "ክቡር ባለፀሐይ" እንላቸዋለን።

ሥራቸውን ሦስት ጊዜ አስረድተውኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ የገባው ሰው መስዬ ወጥቻለሁ። ድስት ከሚያክል የብረት ሉል ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፤ ከባድ ሃይድሮጅን የሚሉት ጋዝ ይገባል፤ አተሞቹ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ተላትመው፣ ፀሐይ ውስጥ እንደሚሆነው ሲዋሃዱ፣ ኒውትሮን የሚባል ቅንጣት ያፈልቃሉ። አተሞቹ ተለያይተው ቢኖሩ ምን እንደሚጎድልባቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

"ደረሰልዎ?" ስላቸው "የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ናት!" ይላሉ። እርሷን ሲደፍኑ ሌላዋ አየር ታስገባለች። ጋዙን የሚሸጥላቸው አጥተው ስምንት ወር ደጅ ጠንተዋል። ባለቤታቸውማ "ዕድሜውን ሙሉ ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ፣ በስተርጅና ማሞቂያ አማረው" ይላሉ።

ነዋሪው ዕቃ ቤቱን ለብስክሌት ማቆሚያ ፈለገው። እኔ የምመራው ኮሚቴም ወሰነ፤ ቅዳሜ ኒውትሮን ካሳዩ ክፍሉ ይጸናላቸዋል፣ ካላሳዩ ይለቃሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወረድን። በሉሉ መስኮት ሐምራዊ ብርሃን ታየ፤ የኒውትሮን መቁጠሪያው እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ተንጣጣ። የኮሚቴው ጸሐፊ አጨበጨበች።

"እሰይ ጋሼ! ክፍሉ የእርስዎ ነው!"

ክቡርነታቸው ግን ፊታቸውን አጨፍግገው ጋዙን ዘጉ። ብርሃኑ ጠፋ። መቁጠሪያው መንጣጣቱን ቀጠለ።

"ውሸቱን ነው" አሉ። "ጋዝ ሳይኖር ምን ይቆጥራል? የኤሌክትሪኩ ሽቦ እየረበሸው ነው።"

"ዝም ቢሉስ ኖሮ?" አለች ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ማን ያውቅብዎት ነበር?"

"እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ልጄ?"

ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና አርሜአለሁ። የተሰጠውን ነጥብ "አይገባኝም" ብሎ የመለሰ ተማሪ አላጋጠመኝም። ግራ ተጋባሁ፤ ሆኖም ውሳኔ ውሳኔ ነውና ክፍሉን እንዲለቁ ፈረምኩ።

እነሆ፣ ሉሉ ከነቱቦና ከነሽቦው ዛሬ የእኔን የምግብ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ እኛ ማድ ቤት ቆመን እንበላለን። ባለቤቴ "ማን ፈቅዶ ነው ይህ ብረት እዚህ የገባው?" ስትል፣ እኔም እንደ እርሷ የተገረምኩ እመስላለሁ። ክቡርነታቸው በሌላው ጎን ሆነው፣ በአንድ ጎኑ ተሸክሜ አራት ፎቅ ያወጣሁት እኔው መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም።