ሙዚቃው እንዳይቋረጥ

በመቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ብንጠራው ሌሎቹን ማሳቀቅ ስለሚሆን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። የባለጉዳይን እሮሮ ከሥሩ ነቅሎ የጣለ ፈር ቀዳጅ ተቋም ነው። የስኬቱ ባለቤት ኃላፊው አቶ ሽሻይ ናቸው፤ ይህንን እሳቸው ራሳቸው በየስብሰባው ስለሚናገሩት እኛ መድገም አይጠበቅብንም።

ባለጉዳዮች «መጠበቅ ሰለቸን» ብለው አቤት ባሉ ጊዜ አቶ ሽሻይ በጥልቀት አሰቡበት። መጠበቁን ማሳጠር ብዙ ሠራተኛ የሚያደክም ሆኖ አገኙት። መሰልቸቱን ማጥፋት ግን ቀላል ነበር። ከወንድማቸው ልጅ ፍላሽ ላይ አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም አስገልብጠው፣ የባለጉዳይ ፋይል በሚሠራበት ብቸኛ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስጫኑት። ዘፈኖቹም ተራ ተይዞላቸው በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይንቆረቆሩ ጀመር። በዚያ ቤት ተራው የደረሰው ዘፈን ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙ ግን ለሙከራ የተሰጠ ኖሮ ጊዜው አለቀና፣ ካልተገዛ በስተቀር አንዴ ከተዘጋ ተመልሶ እንደማይከፈት አስታወቀ። ኮምፒውተሩ ደግሞ እድሜ ተጫጭኖት ፋይል ሲከፈትበት ዘፈኑን እንደያዘ ድርቅ ይላል፤ ጠፍቶ ካልተነሣም አይላቀቅም። ይገዛ ቢባል ግዢ ክፍል «በዓመቱ እቅድ ውስጥ ዘፈን የሚባል ነገር የለም» አለ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ፋይል ካልተከፈተ ባለጉዳይ በምን ይስተናገዳል?» አለች ጸሐፊዋ ወይኒ።

«እየተስተናገደ ነው እኮ፤ አትሰሚም?» አሉ አቶ ሽሻይ።

ወዲያው «የሙዚቃ አገልግሎቱ ቀጣይነት ይረጋገጥ ዘንድ በኮምፒውተሩ ማናቸውም ሌላ ሥራ እንዳይሠራ፤ መብራት ጠፍቶ እንዳይዘጋም ጄኔሬተሩ ቀን ከሌት እንዲሠራ» የሚል መመሪያ ወጣ። ቀድሞ ያጨበጨበው ምክትላቸው ኣንዶም ነበር።

ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። አቤቱታ የሚመዘገበው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም አቤቱታ አልተመዘገበም። የበላይ ቢሮው ሪፖርቱን አይቶ ተገረመ። ከየወረዳው ኃላፊዎች ለልምድ ልውውጥ መጡ፤ ቁጭ ብለው ዘፈን አዳምጠው፣ ምሳ በልተው ሄዱ። አቶ ሽሻይም ለቢሮ ሹመት ታጩ።

ማክሰኞ ጠዋት ማኅተሙን ለኣንዶም አስረክበው በጭብጨባ ተሸኙ። ከሰዓት በኋላ ግን እያለከለኩ ተመለሱ። ቢሮው የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቋቸዋል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላቀረቡ ሹመቱ ለተጠባባቂው እጩ ይተላለፋል። ማስረጃው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እቤት ደግሞ በጉ ታርዷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ፈርተው አያውቁም።

ኣንዶም ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአክብሮት ተቀበላቸው።

«ኣንዶም ሓወይ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት። ሙዚቃውን አስዘጋልኝና ወይኒ ታትምልኝ።»

«አያ ሽሻይ፣ ከተዘጋ እኮ አይከፈትም። መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔው አወጣሁት፣ እኔው አነሣሁት።»

«ጠዋት ቢሆን ይችሉ ነበር።»

«ሹመቴ ሊያመልጠኝ ነው እኮ ወንድሜ።»

«ሐሙስ ገምጋሚዎች ይመጣሉ» አለ ኣንዶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእኔም ያስቡልኝ እንጂ። እስከዚያው አዳራሹ ውስጥ አረፍ ይበሉ፤ ምቹ ነው።»

አቶ ሽሻይ ወደ አዳራሹ ወጡ። ዘፈኑ ቀልጧል። ወይኒ ኮምፒውተሩን እንዳትነካ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ የቤታቸውን ካርታ ለማውጣት የሚመላለሱት አቦይ ጎደፋ ነበሩ። ኃላፊውን አንድም ቀን ገብተው አነጋግረው ስለማያውቁ ማን አጠገባቸው እንደተቀመጠ አላወቁም።

«ና ወደይ፣ ቁጭ በል ልጄ። ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«አንዲት ወረቀት ናት አቦይ። ዛሬ ካልወጣች አለቀልኝ» አሉ አቶ ሽሻይ፣ ዐይናቸውን ከሰዓታቸው ሳይነቅሉ።

ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩዋቸው።

«እኔም መጀመሪያ ስመጣ» አሉ፣ «እንዲህ እንደ አንተ ሰዓት አይ ነበር።»