ወንድሜ የመጋዘን ሥራ የተማረ ጊዜ

ቁጭ በሉ እስቲ፣ ልጆች። አትንቀሳቀሱ ነው የምላችሁ፣ ሒናው ገና አልደረቀም። ነገ ኢድ ነው፤ እጃችሁ ተጨማልቆ ሶላት ብትወጡ የምታማው እኔ ነኝ። ሰዓዳ፣ አንቺ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ጻፊ። እኔ አፍ አለኝ፣ አንቺ ፊደል አለሽ። ያልኩትን እንዳለ ጻፊው፤ ስለ አባትሽ ሲሆን ደግሞ እንዳታለሰልሺው።

እና ምን ልላችሁ ነው፤ አምና ገዳሪፍ ውስጥ ያልሰለጠነ ሰው ነበር? አንድ ድርጅት መጣና ስደተኛውንም፣ ነባሩንም፣ ከጦርነቱ ሸሽቶ ከካርቱም የመጣውንም እያሰለፈ ሙያ ያስተምር ጀመር። ፀጉርና ውበት፣ ከባድ መኪና መንዳት፣ የመጋዘን ሥራ። ሁለቱ እኛ ቤት ገቡ። ሦስተኛው ቆይቶ በር አንኳኩቶ መጣ።

የወንድሜ ትንሿ ልጅ ለይላ፣ የሰዓዳ ታናሽ፣ ፀጉርና ውበት ገባች። ሰልጣኝ ደግሞ ራስ ይፈልጋል። የሚለማመድበት የሰው ራስ። እኔ ላይ ነው የጀመረችው። ቅንድቤን በክር ታቀጥነዋለች ብዬ ተጋደምኩ፤ ስነሳ የለም። አይዞሽ አክስቴ ብላ በእርሳስ ሠራችልኝ። ከፍ አድርጋ ስላችው ኖሮ፣ ዱቄት ሊገዛ ሱቄ የገባ ሁሉ «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» ይለኝ ነበር።

ወንድሜ ኑሩ፣ የነሰዓዳ አባት፣ የመጋዘን ሥራ ገባ። ዕድሜ ልኩን የሰሊጥ ሹዋል፣ ያን ትልቁን ጆንያ፣ ሲሸከም ኖሮ፣ በኋላ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ይማራል? ተማረ ወላሂ። አንድ ሕግ ይዞ መጣ፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ለመጋዘኑ ጥሩ ነው። ቤት ይዞት ባይገባ። ተምር ይገዛል፤ አዲሱን እንዳትነኩ፣ መጀመሪያ የቆየው ይለቅ ይላል። የቆየውን ስንጨርስ አዲሱም አርጅቷል። እኛ ቤት ትኩስ ተምር የሚበላው ጉንዳን ብቻ ነበር፤ ጉንዳን ስልጠናውን አልወሰደማ።

ከዚያ ኢድሪስ መጣ። የመተማ ልጅ ነው፣ ከባድ መኪና ይማር ነበር። ማሰልጠኛው ግቢ አንድ ነው። የመኪና ተማሪዎቹ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት የሚለማመዱት የውበቶቹ መስኮት ሥር ነው። ሌላው ሁሉ አስገብቶ ሲወርድ፣ ኢድሪስ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይበላሽበትና እንደገና ይጀምራል። አስተማሪው ደደብ መስሎት ነበር። ለይላ ግን ነገሩ ገብቷታል።

መንጃ ፈቃዱን ሲያገኝ ፖርት ሱዳን ሥራ ተገኘለት። ለይላን ካገባ ይዟት ይሄዳል፤ ካላገባ እናቱ መተማ ላይ ያየችለት ልጅ አለች። ሽማግሌ ላከ። ለይላ ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። ኑሩ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠ፣ አበላ፣ አጠጣ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ልጁ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ታላቋ አለች፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል አላቸው።

ታላቋ ይቺ የምትጽፈው ናት። ጻፊ፣ ምን ያሽኮረምምሻል። የጠየቋትን ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ማስተማሬ ለጊዜው ይበቃኛል እያለች መልሳለች።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ለይላ እህል አልቀምስ አለች። እኔ ተነስቼ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅና ሹዋል አንድ ነው?» አልኩት። «እታለም፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው» አለኝ። ድሮም እኮ ታላቅ ሳታገባ ታናሽ አትዳርም ይባላል። ልማድ ብቻ ቢሆን ለምኜ፣ አልቅሼ አስለውጠው ነበር። አሁን ግን የምስክር ወረቀት አለው። የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው በምን ይለመናል?

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰዓዳ «አባ፣ መጋዘንህ ሰሊጥ ቀድሞ ቢገባ፣ ቲማቲም በኋላ ቢመጣ፣ የትኛውን ታወጣለህ?» አለችው። ሙያው ነውና ደስ ብሎት ያብራራ ጀመር።

«ቲማቲሙን ነዋ። የሚበላሽ ነገር ተራ አይጠብቅም። ሰሊጥ ምን ይሆናል? ይቆያል። እየቆየ እንዲያውም ዋጋው ይጨምራል።»

«እንግዲያው ለይላ ቲማቲም ናት፣ እኔ ሰሊጥ ነኝ» አለችው።

ለይላ ቲማቲም መባሏ አናዷት ልትናገር ስትል እግሯን ረገጥኩት። ኑሩ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ይኼንንም እኮ አስተምረውናል» አለ። በሳምንቱ ኒካሕ ታሰረ። ኢድሪስ ሙሽራዋን ሊወስድ በሎሪ መጣ፤ በዚያ ጠባብ ቅያስ ወደ ኋላ ሲያስገባ አንድ ጊዜ እንኳ አልተበላሸበትም።

ያለቀ መስሎን ነበር። ኑሩ ግን የሰሊጧን ነገር ልቡ ውስጥ አስቀምጧታል። ዘንድሮ የሾዋክ ከተማ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ጨዋ ልጅ፣ ሰዓዳን ጠየቀ። እሷም ትወደዋለች። ለምን ብዕሩን አነሳሽ? ትወጂው የለም እንዴ፣ ጻፊው። ኑሩ ለሽማግሌዎቹ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ሰሊጥ አሁን አላወጣም፣ ገበያው ገና ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብለው፣ «እኛ እንኳ ሰሊጥ አልጠየቅንም» አሉ።

እንዲህ ሆና በገዛ አፏ ታስራ ተቀመጠችላችሁ። አክስቴ፣ አሁን ምን ልሁን አለችኝ። ሽንኩርት ሁኚ አልኳት። አልወደደችውም።

ሽማግሌዎቹ ኢድ ሳይደርስ ቁርጡን እንስማ ብለው ይኸው ዛሬ ደግመው መጥተዋል። ማዶ ክፍል ከኑሩ ጋር ተቀምጠዋል፣ እኔንም መጥራቱ አይቀርም። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ገብቼ፣ ወንድሜ፣ ገበያውን ጠብቅ፣ ማን ከለከለህ፤ ግን ይኼ ሰሊጥህ ሻንጣውን ዘግቶ ጨርሷል፣ በሩን አንተ ካልከፈትክለት ራሱ በመስኮት ይወ... አቤት ኑሩ፤ መጣሁ።