አራት ገጽ ዐይን

አስተዳደግ የሚባል ቃል ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ የሰው አስተዳደግ የሚታወሰው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ልጅ ተምሮ ዶክተር ቢሆን «ጎበዝ ነው፣ ጭንቅላት አለው፣ ፈጣሪ ረድቶታል» ይባላል። ያው ልጅ የሰው አጥር ሥር ቆሞ ሽንቱን ሲሸና ቢገኝ ግን ስለ ጭንቅላቱ የሚያወራ የለም፤ ወዲያው «አሳዳጊ የበደለው!» ነው። ያ አሳዳጊ እስከ ዛሬ የት ነበር? ዶክተሩ ሲመረቅ ማን ጠራው? እርግጥ «ያሳደገሽ ይባረክ» የምትባል ምርቃት አለች። እሷም የምትገኘው ሚኒባስ ውስጥ ለአዛውንት ወንበር የለቀቃችሁ እንደሆነ ነው፤ አዛውንቱ ተመቻችተው ሲቀመጡ እሷም ታልቃለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ለነገር ነው። እኔ አሳዳጊ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ ሜሮንን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ልጅቷ ያኔ ጫማዋን ግራና ቀኙን አደባልቃ የምታደርግ ነበረች። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጫማው ተስተካክሏል፤ አሁን የተደባለቀብኝ የምትናገረው ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ያ የአዳማ ንፋስ አቧራውን ለየቤቱ ሲያድል፣ ሜሮን መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ አየኋትና ደስ አለኝ። በትከሻዋ በኩል አንገቴን አስግጌ ባይ ካርቱን። ገለጠች፣ ካርቱን። አሁንም ገለጠች፣ ካርቱን። ተምራ ተምራ ወደ ሥዕል ተመለሰች ማለት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኮ ሥዕሉ እያለቀ ጽሑፉ ስለበዛብኝ ነው። መጨረሻው ተመልሶ ሥዕል መሆኑን የነገረኝ ቢኖር እስከ ዩኒቨርሲቲ እገፋ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፏ መሆኑን ነገረችኝ። አንዲት ኢራን ያደገች ሴት ልጅነቷን በሥዕል የተረከችበት መጽሐፍ ነው፤ የሴትዮዋን ስም ምላሴ ስለማይችለው ተዉት። የሜሮን ርዕስ ደግሞ የደራሲዋ አስተዳደግ በመጽሐፏ ላይ ያሳረፈው አሻራ ነው አለችኝ። አስተዳደግ! የሰው አገር ሴት ምን አጥፍታ ነው አስተዳደጓ አዳማ ድረስ መጥቶ የሚመረመረው?

አሳዪኝ አልኳት። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም ሥዕሉ አማርኛ ነው፤ ገባኝ። እናትና አባት መጋረጃውን ይዘጋሉ። መጋረጃው ሲዘጋ ይጨፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ መንግሥትን ያማሉ፣ ልጅቷም ትልቅ ሰው ይመስል መሀል ገብታ ትከራከራለች። ጠዋት ፀጉሯን ሸፍና ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ጢማም ጠባቂ ቆሞ ከሻርፕ ያመለጠች ፀጉር ይፈልጋል። ትንሽ አሳዘነችኝ። እኔም የደርግ ጊዜ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሬዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት ገብቶ ሲያዳምጥ፣ ሰው ከጠየቀሽ ዘፈን ነው የምንሰማው በይ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ግን እኔ ገበናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ይቺ ሴትዮ የእናቷን ጭፈራ፣ የአባቷን ሐሜት፣ ሁሉንም ስላ ለዓለም ሸጠችው።

«አሳዳጊ የበደላት!» አልኩ።

ሜሮን ደስ ብሏት ብድግ አለች። እሷም የምትጽፈው ይህንኑ እንደሆነ፣ ነገሩ ሁሉ አስተዳደጓ እንደሆነ ነገረችኝ። እሷ ለማለት የፈለገችው፣ ደራሲዋ ቤት ውስጥ እንድትናገር ተደርጋ ስላደገች ትልቅ ስትሆን አልፈራችም ነው። እኔ ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ሁለታችንም «አስተዳደጓ ነው» እያልን እስኪመሽ ተጨቃጨቅን። በአንድ ቃል ተስማምተው የተጣሉ ሰዎች ካያችሁ ንገሩኝ።

ባለሱቋ ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ወሎዬዋ፣ ጩኸታችንን ሰምታ መጣችና መጽሐፉን ተቀበለችኝ። ጠባቂው ያለበት ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ የራሷን ሻርፕ አስተካከለችና፣ «እኔ ይህን የማደርገው ለፈጣሪዬ ነው። ለፖሊስ ቢሆን ገና ድሮ አውልቄ የሱቅ መስታወት ወልውዬበት ነበር» አለች። እሷም ከሜሮን ጋር ወገነች ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ የመጣው በኋላ ነው። መምህራቸው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ልጅነት አራት ገጽ ስሎ ከጽሑፉ ጋር እንዲያቀርብ አዘዘ። ቤተሰብም ተጋብዟል። ሜሮን ሥዕሎቿን ፍራሽ ሥር መደበቅ ጀመረች። ቤቴ ውስጥ ከእኔ የሚደበቅ ነገር! ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አስወጣኋት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት አፌን ነበር። ድምፄ እዚህ ተነስቶ ባጃጅ ተራ የሚደርስ ሴት ስለሆንኩ አፌን የዋሻ በር አድርጋ ትስለዋለች ብዬ ነበር። ባይ አፍ የለኝም። አፍንጫ የለኝም። እግርም የለኝም። ዐይን ብቻ ነኝ።

አንደኛው ገጽ የዘይነባ ቤት ነው፤ ልጅቷ ወደ ጣፋጩ ሙሸበክ ሳህን እጇን ዘርግታለች፣ በሩን የሚያህል ዐይን ከላይ አፍጥጧል። ሁለተኛው ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ጮክ ብላ ስትስቅ ዐይኑ በስፖኪዮው ውስጥ ቁልጭ ብሏል። ሦስተኛው ሶደሬ ነው፤ የሰው ልጆች በዋና ልብስ ሲንቦጫረቁ እሷ እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ቲሸርት ቆማለች፣ ዐይኑ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። አራተኛው ላይ ልጅቷ አድጋለች፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ዐይኑ የትም የለም። መስታወት ውስጥ ታያለች። ያ ዐይን እሷ ፊት ላይ ተቀምጧል።

ዐይኑን ታውቁታላችሁ። በየቤታችሁ አለ። እንግድነት ተሂዶ ሳህን ሲቀርብ፣ ልጅ ከመብላቱ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው ዐይን ነው። «በላሁ በይ» ይላል። ልጅም «በላሁ» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸ።

እኔን ከጢማሞቹ ጋር አንድ አድርጋ! አበድኩ። ይህ አዳራሽ ከገባ አዳማ ሙሉ «ይቺን ልጅ አሳዳጊ በድሏታል» ይላል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እህቴ ጋ ይደርሳል። «ልጄን አደራ ብዬሽ ምን አደረግሻት?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? አውጪው አልኳት፤ ሌላ ሣዪ፣ ፀጉርሽን ስሠራሽ ሣዪ።

«ይህን ካወጣሁት የምናገረው የለኝም፣ አክስቴ» አለች።

እንግዲያው እኔም አልመጣም አልኩ። የሄድኩት ዘይነባ ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወላጅ እንዲሰማ ተብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ይቀርባል። ከጎኔ አንድ የአርሲ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ የሜሮን ሥዕል ግድግዳው ላይ በርቶ ሲታይ «ሃዳ ኮ!» ብለው ሳቁ። እናቴ ማለታቸው ነው። ቢያንስ ብቻዬን አይደለሁም።

ሜሮን ተናገረች። ያቺ ደራሲ ያደገችበት ቤት መጋረጃው ሲዘጋ አፏ ይከፈት ነበር አለች። «የእኛ ቤት በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው» አለች፤ «የሚዘጋው አፋችን ነው።» ተናድጄም ነበር፣ ኮርቼም ነበር፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጡ ሰው የት ይቀመጣል?

ከዚያ መምህሩ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ ጥያቄ ጠየቃት። ዐይኑ ትንሽ አልተጋነነም ወይ? እውነት እንዲህ ነበር?

ሜሮን መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ እኔን አየች።

ተናገሪ ልላት ፈለግሁ። በሙሉ ዐይኔ ተናገሪ አልኳት። ዐይኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሷም የምታነብበው ያንኑ ነው። ሥዕሉን ይጠቁም የነበረው እጇ ወረደ።

«ትንሽ ተጋኗል» አለች።

መምህሩ አቀርቅሮ አንድ ነገር ጻፈ። ጽሑፏ በሙሉ የቆመው በዚያ ዐይን ላይ ነው፤ ዐይኑ ውሸት ከሆነ እሷም ውሸታም ናት። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አልተጋነነም» አልኩ። «እንዲያውም አሳንሳዋለች።»

ሰው ሁሉ ዞረ። መምህሩ በትሕትና፣ «እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ።

«ዐይኑ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። «እናቷ አጠገቧ የሌለች ልጅ የሰው ሳህን ላይ ቶሎ እጇን ከሰደደች፣ ሰፈሩ አክስቷ አታበላትም ይላል» አልኩ። «ዋና ላይ እንደ ሌሎቹ ብትሆን፣ ተይ የሚላት የለም ይላል። እኔ የጠበቅሁት የሰፈሩን አፍ ነው። እሷ ግን የሰፈሩን አፍ አላየችም፤ ያየችው የእኔን ዐይን ነው። ያየችውን ነው የሳለችው። በሉ ቀጥሉ።» ተቀመጥኩ።

ሜሮንም ቀጠለች። ዐይኑ የአክስቷ እንደሆነ፣ እስካሁን ብቻዋን ስትበላ እንኳ ቀና ብላ እንደምትፈልገው ሳትፈራ ተናገረች። መምህሩ ወደ መጨረሻው ላይ የጻፈውን ሰረዘ፤ ምን እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘይነባ ባጃጁ ውስጥ ስታላግጥብኝ መጣች። የቤት ገበና አይወጣም እያልሽ ስትገስጪን የኖርሽው አንቺ ነሽ ወይ? ያውም በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ? ድምፅ ማጉያ እንኳ አላስፈለገኝም።

ሜሮን ሰሞኑን አምስተኛ ገጽ ጨመረች። አዳራሹን ሳለችው፤ እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አፍ አወጣሁ! እግርም አለኝ፤ ቀሚሴም ያ በዓል በዓል የምለብሰው ነው። ዐይኔን ግን ጨፍናዋለች። አራት ገጽ ሙሉ ስታስፈጥጠኝ ኖራ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጨፈነችው።

«ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሚናገረው?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንቺ ጨፍነሽ ነበር፣ አክስቴ።»

ውሸት ነው አልኩ። ምስክር እንድትሆነኝ ዘይነባን ከሱቋ አስጠራኋት። ሥዕሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሳቀች። ከመነሳትሽ እስክትቀመጪ ጨፍነሽ ነበር አለች።

አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶኛል፤ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።