የግድግዳው ጠበቃ

በየሰፈሩ አንድ ሕግ አዋቂ አይጠፋም። ጠበቃ አይደለም፤ ዳኛም ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘልላ ብትገባ የዶሮዋን ባለቤት ኃላፊነት፣ የአጥሩን ባለቤት መብት፣ ዶሮዋ ራሷ ያለባትን ግዴታ ሳይቀር ያስረዳችኋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው ያልገባበት ሰፈር ነው።

የጎፋው ሕግ አዋቂ ክቡር አቶ ወጋየሁ ይባሉ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ግን እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ አንቀጽ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ነው። ጡረታ ሲወጡ ፋይሎቹ እዚያው ቀሩ፤ በውስጣቸው የነበረው ሙግት ግን ከሳቸው ጋር ወጣ። ኅብረት ሱቅ ለስኳር ሲሰለፉ፣ ከፊታቸው ያለው ሰው ስለ ውርስ፣ ከኋላቸው ያለው ስለ ፍቺ ሳይማር ቤቱ አይገባም።

ፅጌረዳ ይህን ሁሉ ከሩቅ እያየች ትስቅ ነበር፤ የራሷ ግድግዳ እስኪሰነጠቅ ድረስ።

ፅጌረዳ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ባሏ ነጋ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ስንቱን ስብሰባ ተሰብስበው፣ ስንቱን የአቋም መግለጫ በጭብጨባ አጽድቀው፣ በመጨረሻ ጎፋ ላይ ቤት ደረሳቸው። ቤቱን የሠራው ኮንትራክተር አቶ አባይነህ ቁልፉን ሲያስረክብ «የልጅ ልጆቻችሁ ይኖሩበታል» ብሎ መርቋቸዋል። የጎፋ ጥቁር አፈር ግን በምርቃቱ ላይ አልነበረም። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ በጋ ላይ ደርቆ ተሸማቀቀ፤ የሳሎኑ የጀርባ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ አንስቶ እስከ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ። በመጀመሪያ ምላጭ ያስገባ ነበር። ቆይቶ ጣት አስገባ። ከዚያ አንዲት እንሽላሊት ጠዋት ጠዋት በዚያ መውጣት፣ ማታ ማታ በዚያ መግባት ጀመረች።

አቶ አባይነህ ሲጠራ መጣ። ስንጥቁን እንደታመመ ሕፃን ዳበሰው።

«ምንም አይደል፤ ቤቱ ገና አፈሩን እየለመደ ነው» አለ።

«እስኪለምደው እኛ የት እንኑር?» አለች ፅጌረዳ።

«እዚሁ! አብራችሁ ልመዱት እንጂ።»

ሁለተኛ ሲጠራ ዘግይቶ መጣ። ሦስተኛ ሲጠራ አልመጣም። ፅጌረዳ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሄዳ ቤቱ በር ላይ ስትይዘው፣ ፈገግታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እመቤት፣ ርክክብ ፈርማችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተና የፈጣሪ ጉዳይ ነው። አልሠራም።»

ነጋ ነገር አይወድም። ከጉዞ በተመለሰ ማግስት ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ስንጥቁ ሲጠጋ፣ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«እጅህን አንሣ! ምን ልታደርግ ነው?»

አቶ ወጋየሁ ነበሩ፤ ከነከዘራቸው።

«ስንጥቁን ልደፍነው ነው፣ ጋሼ።»

«ማስረጃ ልታጠፋ ነው በለኛ!»

ነጋ ጭቃውን ወደ ባልዲው መለሰው። አቶ ወጋየሁ ሳይጋበዙ ተቀመጡና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር። «አንደኛ፣ በጽሑፍ ታስጠነቅቂዋለሽ፤ ቀን ትቆርጪለታለሽ። ሁለተኛ፣ እምቢ ካለ፣ ዳኛ አስፈቅደሽ በሌላ ግንበኛ ታሠሪና ወጪው በሱ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ራሱ እንዲሠራ ትከሺዋለሽ፤ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ያየዋል። ርክክብ ፈርማችኋል አለሽ? ይበል! የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላም ለሥራው ጥንካሬ አሥር ዓመት ዋስ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል።» ከዚያም ቁጥሩን በቃላቸው ጠሩት፤ የልጃቸውን ስም የሚጠሩ ነበር የሚመስለው።

«ሽማግሌ ብንልክበትስ?» አለ ነጋ።

አቶ ወጋየሁ በሐዘን ተመለከቱት። «ሽማግሌ ለጋብቻ ነው። ምን፣ ግድግዳውን ልትድርለት ነው?»

ማስጠንቀቂያው ተጻፈ፤ አቶ አባይነህ ተቀብሎ ዝም አለ። ክሱ ተከፈተ፤ ቀጠሮ ቀጠሮን ወለደ። እስከዚያው ስንጥቁ እንዳይነካ ተፈረደበት። ፅጌረዳ የልጆቿን አልጋ ከሳሎኑ አውጥታ ከራሷ አልጋ ጎን አጣበቀች። ንፋሱ በስንጥቁ ሲገባ በጨርቅ ልወትፈው ብትል «ሁኔታው ይለወጣል» ተባለች። እንሽላሊቷን በመጥረጊያ ስታባርር «ተያት፤ እሷም ምስክር ናት» ተባለች።

አቶ ወጋየሁ ማታ ማታ እየመጡ ስንጥቁን ይጎበኙ ነበር። በዱቄት ሙጫ ወረቀት ይለጥፉበታል፤ ግድግዳው ሲላቀቅ ወረቀቱ ይቀደዳል።

«ተቀደደ! እሰይ!» ብለው ጮኹ አንድ ምሽት።

«ጋሼ ወጋየሁ፣ የሚሰፋው እኮ የኔ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግሩም አድርጎ ነው የሚሰፋው!»

ፅጌረዳ ያን ዕለት ጋሼ ወጋየሁን ወይስ ኮንትራክተሩን ልክሰስ ብላ አሰበች። ግንቦት እያለቀ ነበር። ግድግዳው ሌላ ክረምት እንደማይችል ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ ወደ ውስጥ ማበጥ ጀምሮ ነበርና።

በመጨረሻ ሸንጎው ተሰየመ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሂርጳ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነበሩ። አቶ አባይነህ ብድግ አለ። «ጓድ ሊቀ መንበር! እኚህ ሰው የሚጠቅሱት የፊውዳሉን ሥርዓት ሕግ ነው!»

አቶ ወጋየሁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሕጉ የድሮ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ግን የተሰነጠቀው ከአብዮቱ ወዲህ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ሂርጳ አልሳቁም። «ቦታው ይታይ። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችንም እንመጣለን።»

አቶ ወጋየሁ በደስታ ሊሰክሩ ምንም አልቀራቸው። ምን ያደርጋል፣ ዓርብ ዕለት መካኒሳ አቦ ለቅሶ ነበራቸው። ጥፋቱ የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው።

ወሬውን ወይዘሮ አማከለች ሰማች። አማከለች በእድሩ የሴቶቹ አለቃ ናት፤ ድንኳን ስትተክል መቶ ሰው የምታዝ ሴት። «ዳኞች እቤትሽ ሊመጡ? በዚህ ግድግዳ ላይ?» አለቻት ፅጌረዳን። «ምን ይሉናል?»

«እሱን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት፣ እትዬ አማከለች።»

«ይዩዋ! ግን ሰው ነን፤ እንዲህ ሆነን አንታይም።»

ፅጌረዳ እምቢ ማለት ነበረባት። ነገር ግን ሦስት የተከበሩ ሰዎች ገብተው፣ ቆመው፣ ጓዳዋን አሻግረው ሲያዩ ታያት። ፊቷ ቀላ። አመሻሹ ላይ አራት ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ስንጥቁን በጭቃና በጭድ ለሰኑት፤ በኖራ ሁለት ጊዜ ቀቡት። ኖራውን ያቀበለችው ፅጌረዳ ናት። እውነት ለመናገር፣ ጥጉን ራሷ ናት የቀባችው።

ቅዳሜ አቶ ወጋየሁ ከሁሉ ቀድመው ገቡ። ግድግዳው እንደ እንቁላል ነጥቷል። በከዘራቸው ጫፍ ኖራውን ነካ አደረጉት።

«ስንጥቄስ?» አሉ። «ስንጥቄን የት አደረሳችሁት?»

«ሸፈንነው፣ ጋሼ» አለች አማከለች። «እንግዳ ይመጣል ብለን። አላማረም?»

ዳኞቹ ገቡ። አቶ አባይነህ ከኋላቸው ብቅ አለና ግድግዳውን ሲያይ በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ፊቱ ላይ ፀሐይ ወጣ። «ይኸው፣ ጓዶች! የታለ ስንጥቁ? ስም ማጥፋት ነው!»

«ትናንት ነው የለሰንነው» አለች ፅጌረዳ።

ጓድ ሂርጳ አፈጠጡባት። «ሸንጎ ሲመጣ ማስረጃ ትለስናላችሁ?»

«እንግዳ ሲመጣ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። በመስኮቱ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ይታያል። የሸንጎው ጸሐፊ ብዕሩን አወጣ። ክረምቱ ገባ፣ ልጆቼን ይዤ የት ልድረስ ነው፣ ብላ አሰበች።

ለአማከለች ክስ ሌላ፣ እንግዳ ሌላ ነው። «ቆማችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት? ኧረ ቁጭ በሉ!» አለች። ዳኞቹ ጠላውን እምቢ ብለው፣ ለመቀመጡ ግን እሺ አሏትና ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። የክብሩ ቦታ፣ በነጩ ግድግዳ ሥር የበግ ቆዳ የለበሰው ወንበር፣ ባዶውን ቀረ።

«አቶ አባይነህ፣ ወደ ላይ ከፍ ይበሉ!»

«እዚህ ይበቃኛል» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«የቤቱ ሠሪ በር ላይ? ነውር ነው!»

«ግድ የለም፤ ተይው።»

«በሞቴ!»

«አልቀመጥም።»

«አማከለች ትሙት!» ብላ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። አቶ አባይነህ የበሩን መቃን ጨበጠ። «ወገቤን ያመኛል፣ እትዬ!»

«ታዲያ ለወገብዎ የሚሻለው እዚህ አይደል? ግድግዳውን ደገፍ ይበሉ!»

«ደገፍ» ስትል ሰውዬው ከግድግዳው ይልቅ ነጣ። ጓድ ሂርጳ ቀና አሉ።

«ጓድ አባይነህ፣ ይቀመጡ።»

«መቆሙ ይሻለኛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ይቀመጡና ይደገፉ። ሸንጎው ነው የሚያዝዎት።»

አቶ አባይነህ ራሱ አሳድጎት መናከሱን የሚያውቀውን ውሻ እንደሚያይ ሰው ግድግዳውን አየው። አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። «ይኼኛው ላይ...» አለ በሹክሹክታ፣ «ብረቱ አንሶብን ነበር። መሠረቱም ቢሆን ብዙ አልተቆፈረም።»

«ይጻፍ» አሉ ጓድ ሂርጳ። ጥርሳቸው ለአፍታ ታየ የሚሉ አሉ።

አቶ አባይነህ በራሱ ወጪ አፍርሶ እንዲሠራ ተፈረደበት፤ ዝናቡ ሳይከብድ ግድግዳው ፈረሰ፤ መሠረቱ በደንብ ተቆፈረ፤ ብረት ገባበት፤ እንደገና ተገነባ። ሰፈሩ በሙሉ ተደሰተ፤ ከአቶ ወጋየሁ በቀር። «በወንበር የተረታ ክስ!» አሉ። «የትኛው አንቀጽ ነው እንግዳን ወደ ላይ ከፍ በል የሚለው? እስቲ አሳዩኝ!» ብለው ተቀይመው ቀሩ።

ፅጌረዳ በመጀመሪያ ተገላገልኩ አለች። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ ግድግዳው ደርቆ ቆመ። ልጆቹ ወደ ሳሎናቸው ተመለሱ። ቤቱ ግን ጭር አለባት። አንድ ምሽት ሹራብ እየሠራች ድንገት እጇ ቆመ። ኮንትራክተሩ ለአንዲት ደቂቃ ሊቀመጥበት ያልደፈረው ቦታ ላይ፣ በጋውን ሙሉ ማን ነበር የተቀመጠው? ነጋ አሰብ መንገድ ላይ ሆኖ እሷ ስትፈራ፣ ጋሼ ወጋየሁ ማታ ማታ መጥተው ወንበራቸውን በግድግዳውና በልጆቹ መካከል አድርገው፣ ልጆቹ ወደ መኝታቸው እስኪገቡ ድረስ ስለ ይዞታ መብት ሲያስረዷቸው ነበር። ስንጥቁን ወደውት ነው ብላ ነበር የምታስበው።

«ነጋ» አለች። «ሂድና ጋሼ ወጋየሁን ጥራልኝ። የጓዳው መስኮት አልዘጋ ብሏል በላቸው።»

ነጋ ጓዳ ገብቶ መስኮቱን ዘጋው፤ ከፈተው፤ ደግሞ ዘጋው። «ይዘጋል እኮ!»

«ነጋ፣ ሂድ አልኩህ።»

ብዙም አልቆየም። ከአጥሩ ወዲያ፣ ዝናቡ ጃንጥላ ላይ ሲንጣጣ፣ የታወቀው ድምፅ እየተጠጋ መጣ፦ «መስኮቱን የሠራው አናጺ ስሙ ማነው? ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ንገረኝ!»